አንድ ኩባያ ስንት ይመዝናል?

ውኃ የሞላ ኩባያና ዱቄት የሞላ ኩባያ ክብደታቸው እኩል ነውን? ጥያቄው ለአንባቢ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። እኔ ግን መልሱን ባለማወቄ ባለፈው ዓመት እናቴ ለበዓል ካስቀመጠችው ዱቄት አበላሽቻለሁ። ሌላው እንዳይሳሳት ስል ከዚያ የተማርሁትን በአጭሩ አስረዳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበዓሉን ዳቦ እኔ እንዳቦካ እናቴ ፈቀደችልኝ። የያዝሁት የባልትና ጽሑፍ «1 ኪሎ ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 600 ግራም ውኃ፣ 20 ግራም ጨው» ይላል። በቤታችን ሚዛን ስለሌለ 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ አነሣሁ። 250 ሚሊ ሊትር ውኃ 250 ግራም እንደሚመዝን በትምህርት ቤት ተምሬአለሁና ዱቄቱንም በዚሁ ሒሳብ 4 ኩባያ ሰፈርሁ። ጨውንም 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 4 የሻይ ማንኪያ ጨመርሁበት። ውኃው ሲገባ ሊጡ አጥሚት መሰለ፤ ሲቀምሱትም ጨው ብቻ ሆነ። እናቴ አይታ «ልጄ፣ ዱቄት እንደ ውኃ ይከብዳል እንዴ?» አለችኝ።

ስሕተቱ ይህ ነበር። ኩባያ የሚለካው አንድ ነገር የሚይዘውን ቦታ ነው፤ ሚዛን የሚለካው ግን ክብደቱን ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው እፍጋት ይባላል፤ ይኸውም አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚነግረን ቁጥር ነው። በዱቄት ቅንጣቶች መካከል ብዙ አየር ስላለ ዱቄት ከውኃ ይቀልላል፤ ደቃቅ ጨው ግን ከውኃ ይከብዳል።

250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ በግምት የሚከተለውን ይመዝናል፦

ውኃ፦ 250 ግራም
የስንዴ ዱቄት፦ 130 ግራም
ስኳር፦ 210 ግራም
ደቃቅ ጨው፦ 300 ግራም
የምግብ ዘይት፦ 230 ግራም
ማር፦ 350 ግራም

እንግዲህ የእኔ 4 ኩባያ ዱቄት 520 ግራም ብቻ ነበር፤ ውኃው ግን ለ1 ኪሎ የሚበቃ ነው። ጨውም 20 ግራም መሆኑ ቀርቶ 24 ግራም ሆኗል። ትክክለኛው ሒሳብ 1000ን ለ130 ማካፈል ነበር፤ ይህም 8 ኩባያ ሊሞላ ጥቂት የሚጎድለው ነው።

ሚዛን የሌለው ሰው የራሱን ኩባያ እንዲህ ሊፈትን ይችላል። ባለ 1 ኪሎ የታሸገ ስኳር ወይም ዱቄት ሲገዛ፣ ወደ ዕቃ ከመገልበጡ በፊት ስንት ኩባያ እንደሚወጣው ይቍጠር፤ ከዚያም 1000ን ለዚያ ቍጥር ያካፍል። የሚያገኘው የአንዱ ኩባያ ግራም ነው። ነገር ግን አሰፋፈሩ ሁል ጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ኩባያው አፉ ድረስ ተሞልቶ በቢላዋ ጀርባ ይስተካከል። የተጠቀጠቀ ዱቄት ከተነፋው ይልቅ ይከብዳልና።

እኔም የቤታችንን ቁጥሮች በወረቀት ጽፌ በማድ ቤቱ በር ላይ ለጥፌአለሁ። በሚቀጥለው በዓል ያቦካሁት ሊጥ ደኅና ሆኖ ወጣ። እናቴ ወረቀቱን ሳታይ በእጇ ብቻ ነካ አድርጋው «አሁን ሆነ» አለች። የእርሷ እጅ ብዙ ዓመት የመዘነውን እኛ ጀማሪዎች በቁጥር ልንደርስበት እንችላለን፤ ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ዱቄት ከማባከናችሁ በፊት ኩባያችሁን ፈትኑ።