ስለ ታኮ ጥቅምና አጠቃቀም

በአገራችን አውራ ጎዳና የተጓዘ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሳያይ አይቀርም። የጭነት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ፈጥኖ ይወርድና ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ያደርጋል። ይህም ታኮ ይባላል። ብዙ ተመልካች እንደ ተራ ልማድ ይቈጥረዋል እንጂ ምክንያቱን አይመረምርም። ነገር ግን በፊዚክስ ክፍል ስለ ተዳፋት የተማርነው ትምህርት በዚህች በታኮ ላይ ይታያል። የሰው ሕይወትም ያለባት ስለ ሆነች፣ ለጓደኞቼና ለወላጆች ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ወደድሁ።

በመጀመሪያ መኪናውን ወደ ቁልቁል የሚስበው ኃይል ምን ያህል እንደ ሆነ እንመልከት። በ100 ሜትር ርቀት 10 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ አለ እንበል። በዚህ መንገድ ላይ 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ቢቆም፣ ወደ ታች የሚስበው የክብደቱ ዐሥረኛ እጅ ያህል ነው፤ ይኸውም የ1,000 ኪሎ ግራም ክብደት መሆኑ ነው። ይህ ኃይል ዕረፍት የለውም። ሾፌሩ ምሳ ሲበላም፣ ሌሊት ሲተኛም መሳቡን አያቋርጥም።

«የእጅ ፍሬን የለም ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በርግጥ ዋናው መያዣ ፍሬኑ ነው። ሆኖም የፍሬን ሸራ ያልቃል፤ ገመድም ይረግባል። ደግሞም በብዙ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለ ሆነ፣ የኋላ ጎማ ለመቀየር አንዱ ወገን በክሪክ ሲነሣ የፍሬኑ ግማሽ ከመሬት ተነሣ ማለት ነው። ማርሽ አስገብቶ መተውም በዚህ ጊዜ አያስተማምንም። ዲፈረንሻል የሚባለው መሣሪያ ግራና ቀኙ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞር የሚፈቅድ ስለ ሆነ፣ አንዱ ጎማ በአየር ላይ ሲዞር መሬት የያዘው ሌላው ሊንከባለል ይችላል።

ከሳቢው ተፈትቶ ብቻውን የቆመ ተሳቢም የባሰ ያሠጋል። ፍሬኑ በጋን በታመቀ አየር ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ አየሩ ቀስ በቀስ ሲያፈስ ፍሬኑም ይላላል። አየሩ ሲያልቅ በሞላ ኃይል የሚይዝ ፍሬን ያላቸው ተሳቢዎች አሉ፤ ቢሆንም ታኮ ለእነዚህም ቢሆን ትርፍ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ታኮ ሥራውን እንዲሠራ ጥቂት ደንቦች መጠበቅ አለባቸው።

አንደኛ፣ ታኮው በቁልቁለቱ በኩል ከጎማው ጋር በደንብ ይጠጋ። በተናገርነው መንገድ ላይ 1 ሜትር ክፍተት ቢኖር፣ መኪናው ታኮው ዘንድ እስኪደርስ 10 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። በዚህ የሚያገኘው ጉልበት 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ድንጋይ ለመዝለል ሊበቃው ይችላል። ሲጠጋ ግን መኪናው ፍጥነት የሚያገኝበት ስፍራ የለውም።

ሁለተኛ፣ ድቡልቡል ድንጋይ አይሁን፤ አብሮ ይንከባለላልና። ሥሩ ጠፍጣፋ፣ ፊቱ ያዘመመ ይሁን። ጎማው እንዲህ ያለውን ታኮ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ መሬትም ስለሚጫነው፣ ሰበቃው ይጨምራል። ቁመቱም እጅግ ካነሰ ጎማው ይወጣበታል።

ሦስተኛ፣ በግራም በቀኝም ይደረግ። ጎማ የሚቀየር እንደ ሆነም ታኮ የሚደረገው ክሪኩ ከመነሣቱ በፊት፣ ከመሬት በማይነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ነው።

አራተኛ፣ ታኮ የሚያደርገው ሰው መኪናው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ ከጎን ሆኖ ያድርግ እንጂ በቁልቁለቱ በኩል ከጎማው ፊት አይቁም። ረዳት ብዙ ጊዜ የእኛው እኩያ ወጣት ነው። ሾፌሩ ቢያቻኩለውም፣ እጁና እግሩ ከጥቂት ደቂቃ መዘግየት ይበልጣሉ።

አምስተኛ፣ ታኮው የሚነሣው ሾፌሩ ፍሬን ይዞ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ነው። ተሳቢም ከሆነ አስቀድሞ ከሳቢው ጋር ይያያዝ። ድንጋዩም ከአስፋልቱ ወጥቶ ይጣል። ብዙዎች ይህን ቸል ብለው ይሄዳሉ፤ ነገር ግን ለአንዱ መኪና መድኅን የነበረው ድንጋይ፣ በጨለማ ለሚመጣው ለሌላው መሰናክል ይሆናል።

ለወላጆችም አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ልጆች በቆመ መኪና አጠገብ ሲጫወቱ ከጎማ ሥር ያለውን እንጨት እንዳይነኩ ንገሩልን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ታኮም ዋጋው ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ የሚጠብቀው ግን ሕይወትን ነው።