ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

የቡና ናሙና ወደ አሜሪካ የሚልክ የአኖ ነጋዴ የአይሮፕላንን ጊዜ በኪሎ ሜትር ብቻ ቢያሰላ ቀጠሮው ይፈርስበታል። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን የአየር ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተን የተነሣው አይሮፕላን ሳያርፍ በ13 ሰዓት ያህል አዲስ አበባ ይገባል፤ ከቦሌ የተነሣው ግን 17 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ያዳግተዋል፤ ነዳጅ ቀንሶ ይነሣና በመንገድ አርፎ ይጨምራል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ያዘገየዋል።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ከቦሌ የተነሣ ጭነት በማግሥቱ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት ይደርሳል፤ በዋሽንግተን ግን፣ በበጋቸው፣ ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።