ስለ ጦር ሠፈር ጎረቤቶችና ስለ ባለርስት ውዴታ

ባለርስት በርስቱ ላይ ሥልጣን አለው። ነገር ግን በርስቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ለጎረቤቱ ጥቅም ወይም ጕዳት ሳይሆን አይቀርም። ይኸንንም በአሜሪካ አገር፥ ሰሜን ካሮላይና በሚባለው ግዛት ከሆነው ነገር እንማራለን። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በዚያ ግዛት በ1918 ዓ.ም. የተመሠረተ ፎርት ብራግ የሚባል ታላቅ የጦር ሠፈር አለ። ስፋቱ ከ60 ሺሕ ሔክታር በላይ፥ በጋሻ ቢቈጠር ከ1,500 ጋሻ በላይ ነው። አገሩ አሸዋማ ሲሆን፥ ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጥኖ የረዘመ የጥድ ዓይነት ይበቅልበታል። ይህን ጥድ በየጊዜው ሣር የሚበላ ቀላል እሳት ካልደረሰለት ሌላ ዛፍና ቍጥቋጦ ይውጠዋል። በሠፈሩ ውስጥ ከወታደሮች ተኵስ የሚነሣው እሳት ቍጥቋጦውን እያቃጠለ ጥዱን ጠበቀው፤ በውጭ ግን አብዛኛው ተቈርጦ አለቀ። በዚህም ጥድ አንድ የግንደ ቈርቍር ወገን ይኖራል፤ ቤቱን የሚፈለፍለው በሕይወት ባለ ባረጀ ግንድ ውስጥ ነው።

የወፉ ዘር ሊጠፋ ስለ ቀረበ መንግሥት በ1970 ዓ.ም. ከሚጠፉት ወገን ቈጠረው፤ በ1973 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ እንዳይነካ ከለከለ። በ1990 ዓ.ም. በፎርት ብራግ ወፉ ባለበት ሥፍራ የወታደሮች ልምምድ ተወሰነ። ከባለርስቶችም አንዳንዶቹ «ወፉ በጥዳችን ቢያርፍ መሬታችንን እንዳሻን ማድረግ እንከለከላለን» ብለው ፈርተው፥ ዛፉን ሳያረጅ ቈረጡት። እንዲህም ሆኖ ወፉን ይጠብቅ ዘንድ የወጣው ሕግ የወፉን ማደሪያ አስቈረጠ።

በ1995 ዓ.ም. ግን ሁለት መላ ተጀመረ።

1ኛ፤ መንግሥት ለባለርስቶች ቃል ገባ። ባለርስቱ በውሉ ቀን በመሬቱ ላይ የተገኙትን ወፎች ይጠብቃል፤ ጥዱን አሳድጎ ሌሎች ቢመጡ ግን ስለ ተጨመሩት አዲስ ግዴታ አይወድቅበትም።

2ኛ፤ የጦር ሠራዊቱና ተፈጥሮን የሚጠብቁ ማኅበሮች ገንዘብ አዋጥተው፥ ፈቃደኛ ከሆነ ባለርስት መሬቱን ወይም ቤት የማሠራት መብቱን ብቻ ይገዙ ጀመር። መብቱን የሸጠ ሰው ደኑን ያለማል፥ ለልጁም ያወርሳል፤ ከፋፍሎ መንደር ሊያደርገው ግን አይችልም። ይህም ለሠራዊቱ ይጠቅማል፤ መኖሪያ ቤት እስከ ሠፈሩ ድንበር ከቀረበ የመድፉና የአውሮፕላኑ ድምፅ ሕዝቡን ያውካል፥ ልምምዱም ይታወካልና። በ2002 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ይህንኑ መንገድ ለሌሎቹም የጦር ሠፈሮች ፈቀደ።

በ2006 ዓ.ም. የዚያ አውራጃ ወፎች ቍጥር ከታሰበው ጊዜ 5 ዓመት ቀድሞ ከግቡ ደረሰ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ ወፉ ሊጠፉ ከተቃረቡት ተራ ወጥቶ አደጋው ከቀለለላቸው ጋራ ተቈጠረ።

ነገር ግን እንዲህ የተሸጠ መብት ወራሾችንም ያስራል። ስለዚህ ባለርስት ከመፈረሙ በፊት ከቤተ ሰቡ ጋራ ሊመክር ይገባዋል። መንግሥትም የገባውን ቃል ሊጠብቅ ይገባል፤ ቃሉ ከፈረሰ ባለርስቱ ወደ መጥረቢያው ይመለሳልና።

ጥያቄ።
1. እሳት ጥዱን እንዴት ጠበቀው?
2. ባለርስቶቹ ዛፉን ስለ ምን ቈረጡት?
3. በግዳጅ በሚጠበቅና በውዴታ በሚጠበቅ ደን መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው? ሽማግሌዎች ከተማሪዎች ጋራ ይነጋገሩበት።