ፒካፕዎን ፎር ዊል ከማስደረግዎ በፊት ሊብሬዎን ያውጡ

ከነቀምቴ የጻፉልን ቡና ነጋዴ የኋላ ጎማው ብቻ የሚጎትት አሮጌ ሃይሉክስ ሲንግል ጋቢና አላቸው። ከአርጆና ከሳሲጋ ገጠር ቡና የሚያወጡበት መንገድ ክረምት ሲገባ ቀይ ጭቃ ነውና አንድ ጋራዥ “የፊት ዲፈረንሻል ያምጡ፣ ፎር ዊል አደርገዋለሁ” ብሎ ቀብድ ተቀበላቸው። ዲፈረንሻሉን ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ገዝተው አመጡ። ሥራው አለቀ ተብሎ መኪናውን ሲረከቡ ግን ፈጠን ሲሉ መሪው ይንቀጠቀጣል። ጋራዡ ብረት ተወደደ ብሎ ጭማሪ ይጠይቃል። ቦሎ ሊያሳድሱ ሲሄዱ ደግሞ መርማሪው “ይህ በሊብሬው ላይ ያለው መኪና አይደለም” ብሎ መለሳቸው። “መብቴ ምንድን ነው?” ይላሉ።

ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጫነ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና ማደስና መለወጥ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ሆኗል። ጊምቢም ሆነ ደምቢ ዶሎ፣ ነጆም ሆነ ሻምቡ ጭቃው ያው ነው። አይሱዙን ቅጥቅጥ አውቶብስ ላደረጉ ባለሙያዎቻችን ፒካፕ ፎር ዊል ማድረግ የሚያቅት ሥራ አይደለም። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ጥያቄ፣ ከቦሎው ልጀምር።

የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መኪና ተመርምሮ እንዲመዘገብና በየዓመቱም እንዲመረመር ያዛል። ሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ ሞዴልና ዓይነት ከመኪናው ጋር መግጠም አለባቸው። ሞተር ወይም ቀለም ሲቀየር ማስፈቀድና ማስመዝገብ እንደሚያስፈልግ አብዛኛው ባለመኪና ያውቃል። ፎር ዊል ማስደረግ ግን ከሥር የሚሠራ፣ ማንም የማያየው ነገር ስለሚመስለው ይዘለዋል። መርማሪው ግን ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚያየው ያንኑ ከሥር ያለውን ነው። በሊብሬው ላይ ሞዴሉ ኤልኤን85 ተብሎ ከተጻፈ ባለ ሁለት ጎማ ጎታች ነው፤ የፎር ዊሉ ወንድሙ ኤልኤን106 ነው። ኤልኤን85 ተብሎ የተመዘገበ መኪና የፊት ዲፈረንሻል ይዞ ሲገኝ መርማሪው መመለሱ ሥራው ነው፤ በእሱ መቀየም አይገባም።

ከዚህ የባሰም አለ። የሁለቱ ሻንሲ ፊቱ አንድ አይደለም። ባለ ሁለት ጎማ ጎታቹ ፊቱን የሚሸከምበት ስልት ሌላ ስለሆነ፣ የፎር ዊሉን ድፍን ዲፈረንሻል ለመግጠም የነበረው ተቆርጦ ይወጣና የባሌስትራ መያዣ ሻንሲው ላይ ይበየዳል። በብዙ ሃይሉክሶች የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸው ደግሞ እዚያው፣ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ነው። በያጁ ቦታውን በሞላ ሲያጸዳ ወይም ብረት ሲደርብበት ቁጥሩ ከጠፋ፣ ነገሩ ከቦሎ አልፎ የተሰረቀ መኪና ጥርጣሬ ይሆናል። ስለዚህ ገና ያላሠራችሁ አንባቢዎች፣ ብረት ከመቆረጡ በፊት ሊለወጥ የታሰበውን ዘርዝራችሁ መኪናው ለተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሥራው በፊትና በኋላ ፎቶ አንሱት። በቃል “ችግር የለውም” የሚል ሠራተኛ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂያችን ቦሎ ሳያሳድሱ ልንዳ ቢሉ ምን ይደርስባቸዋል? የትራፊክ ቅጣቱ ቀላሉ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ አንቀጽ 2086 ደግሞ “ጥፋት የለብኝም” ወይም “ልከላከለው አልችልም ነበር” የሚለውን መከራከሪያ አይቀበልም። ብየዳው ለቆ መሪው ቢከዳዎትና ሰው ቢጎዳ፣ ተጎጂው የሚከሰው እርስዎን ነው፤ እርስዎ ከፍለው ጋራዡን በኋላ ይጠይቃሉ። ሰው ከሞተ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ይመጣል። ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ በመተላለፍ በቸልተኝነት ሰው መግደል በንዑስ አንቀጽ 3 ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል። ምርመራ አላልፍ ያለ መኪና እያወቁ መንዳት ዐቃቤ ሕግን ወደዚህ ንዑስ አንቀጽ የሚስብ ይመስለኛል።

ኢንሹራንሱንም አይርሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖር መኪና መንዳት ክልክል ነው። ሙሉ መድን ካለዎት ደግሞ በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት አደጋውን የሚያባብስ ለውጥ ለመድን ሰጪው የማሳወቅ ግዴታ አለብዎት፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የመድኑን ክፍል አልሻረውም። ሳያሳውቁ ቢቀሩና አደጋ ቢደርስ ገማቹ መጀመሪያ የሚያየው ያንን ብየዳ ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ። እዚህ የጠያቂያችን እጅ የተሻለ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 2610 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ውል ሲተረጉም፣ ሠሪው በራሱ ኃላፊነት አንድ የተወሰነ ውጤት ለማስገኘት የሚገባው ግዴታ ነው ይላል። ጋራዡ የገባው ቃል “እሞክራለሁ” የሚል አልነበረም። መሪው የሚንቀጠቀጥ መኪና ደግሞ የተባለው ውጤት አይደለም። ብረት ተወደደ የሚለውን በተመለከተ፣ አንቀጽ 1764 ውል መፈጸሙ ከታሰበው በላይ ከባድ ቢሆንም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ዋጋ ቁርጥ ከሆነ ቁርጥ ነው፤ በውሉ ላይ ጭማሪ የሚፈቅድ ቃል ከሌለ አይክፈሉ።

መጀመሪያ የሚያደርጉት በአንቀጽ 1772 እንደተባለው ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ጉድለቱን ዘርዝረው፣ የሚያስተካክልበትን ቀን ወስነው፣ በጽሑፍ ያድርሱና በቅጂው ላይ ያስፈርሙ። እምቢ ካለ አንቀጽ 1777 ሥራውን በእሱ ወጪ በሌላ ጋራዥ ለማሠራት ፍርድ ቤት እንዲፈቅድልዎ ለመጠየቅ ያስችላል፤ አንቀጽ 1790 ደግሞ ካሣ። አንድ ደካማ ጎን ግን አለዎት፤ ዲፈረንሻሉን የገዙት እርስዎ ነዎት። ጋራዡ “ጥፋቱ የዕቃው ነው” ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ማንም ሳይነካው ገለልተኛ ባለሙያ መኪናውን አይቶ፣ የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል የጥርስ ምጣኔ እኩል መሆኑን፣ ባሌስትራው በልኩ መበየዱንና መሪው መስተካከሉን በጽሑፍ ያስፍር። ምጣኔው ካልገጠመ ማወቅና መንገር የነበረበት ባለሙያው ጋራዥ ነው ብዬ እከራከራለሁ። የዲፈረንሻሉ ደረሰኝስ አለዎት? የተሰረቀ ዕቃ መሆኑን እያወቁ ወይም መጠርጠር እየተገባ መግዛት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ያስጠይቃል፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ማስረዳቱ ይከብደዋል።

ቀብዱን በተመለከተ፣ አንቀጽ 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጋራዡ ሥራውን ጥሎ ከሄደ ይህን መጠየቅ ይችላሉ። ገና የምትዋዋሉ ሌሎች ደግሞ ለመዘግየት የሚከፈል መቀጮ በአንቀጽ 1889 መሠረት ጻፉ፤ መኪናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለሚለቀም ቡና እንደሚያስፈልግም በውሉ ላይ ግለጹ፤ አለበለዚያ የቡና ወቅት ኪሳራን በካሣ ማስቆጠር ይከብዳል። በኦሮሚያ የጽሕፈት ቤቶችና የፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ ውሉንም ማመልከቻውንም ከመነሻው በአፋን ኦሮሞ ማድረግ የትርጉም ወጪና ክርክር ይቀንሳል።

ጠያቂያችን፣ ይህን ሳምንት ሁለት ወረቀት ይጻፉ፤ አንዱ ለጋራዡ ማስጠንቀቂያ፣ ሌላው ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ለውጡ ተመርምሮ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ማመልከቻ። ጽሕፈት ቤቱ እምቢ ካለ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁና ወደ በላዩ አካል ይሂዱ። እስከዚያ መኪናው ከግቢ አይውጣ።