ኃጢአትና ወንጀል፦ ከእንግሊዝ አገር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት



ኃጢአት ሁሉ ወንጀል ነውን? ጥያቄው የቆየ ነው። ለተመሳሳይ ጾታ ዝንባሌ ያላቸውን ሰዎች በሚመለከት ግን መልሱ የብዙዎችን ሕይወት ስለሚነካ፥ በዚህ ጥናት የእንግሊዝን አገር ታሪክ እንመለከታለን። ዓመታቱ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕጉ አመጣጥ

በእንግሊዝ ይህ ጉዳይ ቀድሞ የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር። በ1533 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ወደ መንግሥት ሕግ ተዛወረ፤ ቅጣቱም ሞት ሆነ። የሞት ቅጣቱ በ1861 ቢቀርም፥ በ1885 የወጣው ሕግ በወንዶች መካከል በአደባባይም ሆነ በቤት ውስጥ የሚፈጸመውን ድርጊት እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። ሕጉ አስፈራርተው ገንዘብ ለሚቀሙ ሰዎች መሣሪያ ሆነ፤ ተበዳዩ ራሱ እንዳይታሰር ፈርቶ ለፖሊስ አያመለክትምና። በ2ኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክቶች በመፍታት አገሩን ያገለገለው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1952 በዚሁ ሕግ ተፈረደበት። በእስራት ፈንታ የሆርሞን መድኃኒት እንዲወስድ ተደረገ፤ በ1954 በ41 ዓመቱ ሞተ።

የካቶሊካውያን ድርሻ

በዚያው በ1954 መንግሥት ሕጉን የሚመረምር ኮሚቴ በጆን ዎልፍንደን ሰብሳቢነት አቋቋመ። የዌስትሚንስተር ሊቀ ጳጳሳት ካርዲናል በርናርድ ግሪፊንም ካህናትና ምእመናን ያሉበት አጥኚ ቡድን ሰየሙ። ቡድኑ በ1956 ባቀረበው ጽሑፍ የቤተ ክርስቲያንን የሥነ ምግባር ትምህርት እንደ ጠበቀ፥ የመንግሥት ሕግ ተግባር ወጣቶችን ከጥቃት መጠበቅና የሕዝብን ጨዋነት ማስከበር እንጂ አዋቂዎች በፈቃዳቸው በስውር የሚያደርጉትን መቅጣት እንዳልሆነ ገለጸ። ሐሳቡ እንግዳ አልነበረም፤ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፥ የሰው ሕግ ክፉ ምግባርን ሁሉ ሳይሆን በተለይ ሌሎችን የሚጎዳውን እንደሚከለክል አስተምሮ ነበር።

የዎልፍንደን ኮሚቴ በ1957 ተመሳሳይ ሐሳብ ቢያቀርብም ውሳኔው 10 ዓመት ዘገየ። በ1961 «ቪክቲም»፥ ማለትም «ተጠቂው»፥ የተሰኘው ፊልም አንድ ጠበቃ ቀማኞቹን ሲጋፈጥ በማሳየት ጉዳዩን በሕዝብ ፊት አቀረበ። በ1967 ፓርላማው ለእንግሊዝና ለዌልስ ሕጉን አሻሻለ፤ 21 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በፈቃዳቸው በስውር የሚያደርጉት ወንጀል መሆኑ ቀረ። ስኮትላንድ በ1980፥ ሰሜን አየርላንድ በ1982 ተከተሉ። ቱሪንግም በ2013 ከሞተ በኋላ ምሕረት ተደረገለት፤ በ2021 ምስሉ በ50 ፓውንድ የገንዘብ ኖት ላይ ወጣ።

ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ድርጊቱን አይቀበልም፤ ሰዎቹን ግን በአክብሮትና በርኅራኄ እንድንቀበልና ያለ አግባብ እንዳናገላቸው ያዝዛል። በ2025 ያረፉት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በጥር 2023፥ ኃጢአትና ወንጀል እንዲለዩ አሳስበው፥ ለባልንጀራ ፍቅር ማጣትም ኃጢአት መሆኑን አስታወሱ።

ኃጢአት ወደ ንስሐ አባት ያቀርባል፤ ወንጀል ወደ ዳኛ። ሁለቱን ስናደባልቅ ልቡን ሊገልጥልን የመጣው ወጣት ከሳሽ ያገኘ መስሎት ይሸሻል። የእረኛ ሥራ ግን የሸሸውን መፈለግ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኃጢአት ሆኖ ሳለ የመንግሥት ሕግ የማይቀጣው ምን ምን አለ?
2. አንድ ወጣት ምስጢሩን ቢያካፍለን እንዴት ልንጠብቅለት ይገባል?
3. ልጃቸውን ከቤት ሊያስወጡ ላሰቡ ወላጆች ምን እንመክራለን?