ዐረብ አገር ለአንድ ዓመት?

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት አንድ ዓመት ዐረብ አገር ሠርቼ ብመለስስ? (ከዋግ፣ ደሃና፣ አምደወርቅ)

መልስ፦ እህታችን፣ ትምህርትን ለጊዜው አቁሞ መሥራት ነውር የለበትም፤ ጥያቄው ሥራው መመለሻ አለው ወይ ነው። ለምሳሌ አሜሪካ በሐምሌና ነሐሴ የልጆች ካምፕ ውስጥ ለሚሠሩ የውጭ ወጣቶች የምትሰጠው ፈቃድ ከ4 ወር አይበልጥም፤ ወጣቱ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ይመለሳል። የዐረብ አገር የቤት ሠራተኛ ውል ግን አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም ከአሠሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ መሀል ላይ «በቃኝ» ማለት ቀላል አይደለም። ያሰብሽው አንድ ዓመት ውሉ ላይ የለም ማለት ነው።

«ቤተሰቤ ከየት አምጥቶ ያስተምረኛል?» ትዪ ይሆናል። እውነትሽን ነው፤ ድርቅ የደጋገመው የዋግ ገበሬ የሚተርፈው ብር የለውም። ሆኖም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት አለ፤ ድርሻሽን የምትከፍዪው ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ ነው። የሚያስቸግረው የመሳፈሪያና የኪስ ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ ደላላ በሬ አሽጦ ከሚወስደው ብዙ ያንሳል። በነገራችን ላይ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ወጪ የአሠሪው ነው፤ ለዚህ ብር የሚጠይቅሽ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ከደረሰሽ ግቢ። ካልደረሰሽ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ የውሉን ዘመን፣ ደመወዙንና የዕረፍት ቀኑን አንብበሽ ፈርሚ፤ ቅጂውንም ለቤተሰብሽ ተዪ።