የችግር ዛፍ፦ ከማቀድ በፊት ሥሩን መፈለግ

በቅርቡ ለማስተማር ልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ ስንሰማራ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አነስተኛ ፕሮጀክት አቅዶ በሥራ ላይ ማዋል ይጠበቅበታል። ታዲያ ብዙዎቻችን ዕቅድ የምንጽፈው መፍትሔውን በልባችን ከወሰንን በኋላ ነው። የዚህን ጉዳት እኔና ጓደኞቼ ባለፈው ልምምድ ስላየነው፣ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል በማለት ይህችን አጭር ጽሑፍ አቅርቤአለሁ።

የችግር ዛፍ ምንድን ነው?

የችግር ዛፍ ማለት የአንድን ችግር መንስኤና ውጤት አያይዞ የሚያሳይ ሥዕል ነው። ግንዱ ዋናው ችግር፣ ሥሮቹ መንስኤዎቹ፣ ቅርንጫፎቹ ደግሞ ችግሩ ያስከተላቸው ውጤቶች ናቸው። ከዚሁ ጋር የሚዛመድ የዓሣ አጥንት የሚባል ሥዕልም አለ። ይህን ያስተዋወቀው የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ (እ.ኤ.አ. 1915–1989) ሲሆን፣ በፋብሪካ ውስጥ የምርት ጉድለት ከምን እንደሚመጣ ለመመርመር ያገለግላል። ችግሩ በዓሣው ራስ ላይ ይጻፋል፤ መንስኤዎቹም ሰው፣ መሣሪያ፣ ጥሬ ዕቃ፣ አሠራር እየተባሉ በየአጥንቱ ላይ ይደረደራሉ። የችግር ዛፍ ግን ከመንስኤው በተጨማሪ ውጤቱንም ስለሚያሳይ ለልማት ፕሮጀክት ይበልጥ ይመቻል። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት የነበረው ጂቲዜድም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ «ዞፕ» በተባለው የዕቅድ ዘዴው ውስጥ ይጠቀምበት ነበር።

የደወላችን ነገር

ተመድበን በሄድንበት ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪዎች የሚደርሱት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነበር። እኛም ተወያየንና «ችግሩ ደወል አለመኖሩ ነው» ብለን ጻፍን። ከኪሳችን አዋጥተን ከከተማ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ገዛንና ዛፍ ላይ ሰቀልነው። ሲመታ እኮ አገር ምድሩ ይሰማዋል! ግን ምን ዋጋ አለው፤ በሳምንቱም የሚዘገየው ያው ዘገየ። አንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ «ደወሉ አይሰማሽም እንዴ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «ይሰማኛል ጋሼ፤ ምንጩ ጋ ወረፋ ይዤ ነው የምሰማው» አለችኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ተሰብስበን ዛፉን ሣልን። ግንዱ ላይ «ብዙ ተማሪዎች ዘግይተው ይመጣሉ» ብለን ጻፍን። ከዚያም ወደ ታች ወረድን። ለምን ይዘገያሉ? ሴቶቹ ውሃ ለመቅዳት ስለሚሰለፉ። ለምን ጠዋት ይቀዳሉ? ማታ ውሃው ስለሚደፈርስ። ለምን ይደፈርሳል? ከብቱ ከግጦሽ ሲመለስ ምንጩ ውስጥ ገብቶ ስለሚጠጣ። ወደ ላይ ስንወጣ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ስለሆነ የሚዘገዩት በሒሳብ ይደክማሉ፤ በር ላይ መንበርከክን የሚፈሩት ደግሞ ጭራሹን ይቀራሉ።

አንዱን ሥር ግን ሊጽፈው የደፈረ አልነበረም። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ ጠመኔውን አነሣችና «መምህራን በሰዓቱ ክፍል አይገቡም» ብላ ጻፈች። መምህራን የተባልነው እኮ እኛም ነን! ሁላችንም ዝም አልን። እውነት ነበር።

በወላጆች ስብሰባ ዛፉን በትልቅ ወረቀት ላይ አድርገን አሳየን። የአካባቢው ሰዎችም ተነጋግረው የምንጩን ራስ በእሾህ አጠሩትና ከብቱ ከታች ከሚወርደው ውሃ እንዲጠጣ ተደረገ። እኛም ከተማሪው ቀድመን ክፍል መገኘት ጀመርን። መዘግየት ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ከሩቅ የሚመጡት ያው ይዘገዩ ነበር። ሆኖም ጠዋት ባዶ ከነበሩት መቀመጫዎች ብዙዎቹ ተያዙ። አጥሩ አንድ ሳንቲም አልፈጀም፤ ገንዘብ የፈጀው ደወሉ ነበር።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

ሀ) በዋናው ችግር ላይ ተስማሙ። ችግሩን ግን «ይህ የለም» ብላችሁ አትጻፉት። «ደወል የለም» ማለት ችግር ሳይሆን አስቀድሞ የተወሰነ መፍትሔ ነው። በዐይን የሚታየውን ክፉ ሁኔታ ጻፉ።

ለ) በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ሐሳብ ብቻ ጻፉ። ቦታው ካልሆነ አንሥቶ ማዛወር ይቻላል።

ሐ) ወደ ታች «ለምን?»፣ ወደ ላይ «ከዚያስ ምን ይከተላል?» እያላችሁ ጠይቁ። ሲያልቅ ከሥሩ ተነሥታችሁ «ስለዚህ» እያላችሁ ወደ ላይ አንብቡት። «ምንጩ ይደፈርሳል፤ ስለዚህ ልጆቹ ጠዋት ይቀዳሉ፤ ስለዚህ ይዘገያሉ» ሲባል ያስኬዳል። የማያስኬድ ከሆነ አንድ ቦታ ተዘሏል ማለት ነው።

መ) ችግሩ የሚደርስበትን ሰው ጠይቁ። ዛፉ የሚያሳየው የሣሉት ሰዎች የሚያውቁትን ብቻ ነው። ያቺን ልጅ ባንጠይቃት ኖሮ ምንጩ በእኛ ሥዕል ላይ ባልኖረ ነበር።

ሠ) ሥሮቹን በሁለት ክፈሉ፦ አቅማችን የሚደርስበትና የማይደርስበት። የመንገዱን ርቀት ልናሳጥር አንችልም፤ አጥር ግን ማጠር ይቻላል።

ረ) በመጨረሻ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ወደ በጎ ገልብጡት። «ምንጩ ይደፈርሳል» የሚለው «ምንጩ ማታም ጠዋትም ንጹሕ ነው» ይሆናል። ይህ የዓላማ ዛፍ ይባላል፤ ዕቅዱ የሚጻፈው ከዚህ ላይ ተነሥቶ ነው።

ጓደኞቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዛፉን ስትሥሉ የሌላውን ጥፋት መጻፍ ቀላል ነው፤ የራስን ሥር መጻፍ ግን እጅ ያንቀጠቅጣል። ቢሆንም ጻፉት። ከሁሉም ሥሮች ፈቃድም ገንዘብም ሳንጠይቅ በማግሥቱ ልንነቅለው የቻልነው እሱን ነበርና።